እመት ጉጉት በእኛ ግቢ

ባሌ በዛብህ መጽሐፉን ያመጣው ከመርካቶ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ ነበር። ሽፋን የለውም። የመጀመሪያዎቹ ገጾችም ተቀድደዋል። ስለዚህ ማን እንደጻፈው፣ ከየትኛው አገር ቋንቋ እንደተተረጎመ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ታሪኩ ለእኛ የሚጀምረው ከመካከል ነው። በረዶ የለበሰ ጫካ አለ። ጫካው ውስጥ ድብ፣ አጋዘን፣ ጥንቸልና አይጥ ይኖራሉ። ከሁሉም በላይ፣ አሮጌ ዛፍ ላይ፣ አራዊት ሁሉ ምክር የሚጠይቋት አንዲት ጉጉት አለች። ተርጓሚው፣ በሕይወት ካለ ዕድሜ ይስጠው፣ ሞቶም ከሆነ ነፍሱን ይማረው፣ «እመት ጉጉት» ብሎ አክብሯታል።

እኔ ባደግሁበት ቤት ጉጉት ከመሸ ስሟ አይነሣም። ጣራ ላይ ከጮኸች እናቴ ከምድጃው ፍም በቆርቆሮ አንሥታ ወደ ውጭ ትወረውራለች። ከዚያ ለሳምንት ያህል ከቤተ ዘመዱ ማን እንደታመመ ስታጠያይቅ ትከርማለች። አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ፤ ስለ ወፍና ስለ አውሬም በሳይንስ ክፍለ ጊዜ አንብቤአለሁ። ነገር ግን የተማርኩት ጭንቅላቴ ውስጥ ሲቀመጥ፣ የእናቴ ፍም ሆዴ ውስጥ ነው የቀረው።

«አራዊት ሁሉ ምክር ፍለጋ ወደ ጉጉት የሚሄዱበት አገር ምን ዓይነት አገር ነው?» አልኩት በዛብህን፣ ሥዕሏን ሳይ።

«ሰው የማይሞትበት አገር ይሆናላ!» አለኝና ሣቀ።

የምንኖረው ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ዝቅ ብሎ ባለ የቀበሌ ቤት ነበር። ግቢውን ሦስት ቤተሰብ እንጋራዋለን። እኛ አለን፤ እትዬ ወለተጻድቅ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት አሉ፤ 18 ማዞሪያ ላይ ትንሽ ሱቅ ያለው ረሻድና ሚስቱ ሃጂራ አሉ። መካከሉ ላይ፣ ቅርንጫፉ የእኛን ቆርቆሮ ጣራ የሚነካ አንድ ትልቅ ጥድ ነበር። ያ ጥድ ዛሬ የለም። ግቢውም የለም። ነገር ግን የዝናብ ውኃ ከቅጠሉ ወርዶ ቆርቆሮው ላይ ሲንጠባጠብ የነበረው ድምፅ፣ ሳልፈልገው አንዳንድ ቀን ጆሮዬ ውስጥ ይመጣል።

በዛብህ የመንግሥት የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከመንገድ የተመለሰ ዕለት ማታ፣ የግቢው ልጆች ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። የሃጂራ ሁለት ልጆች፣ ከጎረቤት አጥር ዘልለው የሚመጡት፣ ከሁሉም ፊት ደግሞ የኛዋ ልጅ እሙ። በዛብህ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያነባል። ለአይጥ ቀጭን ድምፅ ያወጣል። ለድብ የመኪናውን ክላክስ ይነፋል፤ በአፉ ማለቴ ነው። እመት ጉጉት ስትናገር ግን ዓይኑን ይጨፍንና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ያን ጊዜ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ከበሩ አጠገብ ሆነው የማይሰሙ የሚመስሉት እትዬ ወለተጻድቅ እንኳ ጥጥ መፍተላቸውን ያቆማሉ።

ልጆቹ ደጋግመው የሚያስነብቡት የድልድዩን ታሪክ ነበር። አንድ ቀን በጫካው ውስጥ «ድልድዩ ተሰብሯል» ተባለ። አራዊቱ ሁሉ ፈርተው ከወንዙ ወዲህ ቀሩ። ምግብ ያለው ከወዲያ ነውና ተራቡ። አጋዘን አለቀሰ፣ ጥንቸል ኑዛዜ ተናገረች። በመጨረሻ ወደ እመት ጉጉት ሄዱ። እሷም «አንተ ከማን ሰማህ?» ብላ አጋዘንን ጠየቀችው። «ከድብ።» «አንተስ?» «ከጥንቸል።» እንዲህ እያለች ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ስትጠይቅ አይጥ ላይ ደረሰች። አይጥ ደግሞ ከማንም አልሰማም፤ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰምቶ ነው። ለካስ የሰማው ራሱ ለውዝ ሲሰብር ኖሯል። እዚህ ላይ ልጆቹ ወለሉ ላይ ይንከባለላሉ።

የእመት ጉጉት ሌላው ጠባይዋ፣ የማታውቀውን «አላውቅም» ማለቷ ነው። የአራዊቱ ግልገሎች ከተራራው ወዲያ ምን እንዳለ ሲጠይቋት፣ «አላውቅም፤ አልሄድኩበትም» ትላለች። እሙ ይህን ትወደው ነበር። «ትልቅ ሆና አላውቅም ትላለች!» እያለች ትገረማለች።

እኔ ደግሞ ተፈጥሮዬ ሌላ ነው። በዛብህ ከቀጠረው ሰዓት ከዘገየ፣ መኪናው ገደል ሲገባ፣ እኔ ጥቁር ለብሼ፣ እሙ ያለ አባት ትምህርት ቤት ስትሄድ በዓይኔ ይታየኛል። በመጨረሻ በሩን ከፍቶ ሲገባ እቆጣዋለሁ። «አንቺ ሴት፣ ሳልሞት ሰልስቴን ልታወጪ ነው» ይለኝ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ከፋሲካ በፊት፣ የመንግሥት መኪና ሹፌሮች ስንቅ ጭነው በኮንቮይ ወደ ሰሜን እንዲሄዱ ታዘዙ። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚባልበት ጊዜ ነው። አልሄድም አይባልም። በዛብህ ሲነሣ እሙን ወደ ላይ ወርውሮ ቀለባትና፣ «እስክመለስ እማዬ ታነብልሻለች» አላት። እኔን፣ «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ሌላው ቀላል ነው» አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እንዴት እንደማነብ አልነገረኝም።

በዚያ ዘመን ከሹፌር ወሬ የሚመጣው በሹፌር ነው። ከሰሜን የሚመለሱት 18 ማዞሪያ ረሻድ ሱቅ ጎራ ብለው ሲጋራ ይገዛሉ። ረሻድም የሰማውን ማታ ይዞልኝ ይመጣል። «ኮምቦልቻ ላይ አይተውታል፣ ደኅና ነው፣ ለዳግማይ ትንሣኤ እመጣለሁ ብሏል» አለኝ አንድ ቀን። ዳግማይ ትንሣኤ መጣ፣ ሄደ። በዛብህ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ረሻድም ማታ ማታ ወደ ቤቱ ሲያልፍ በእኛ በር ላይ እርምጃውን ያፈጥን ጀመር። ወሬ የለውማ።

እኔ አነባለሁ። ነገር ግን ባሌ ጦር ሜዳ ሆኖ «ጉጉት» የሚለውን ቃል በቤቴ ውስጥ፣ ያውም ከመሸ፣ እንዴት አድርጌ ላውጣ? በጉጉት ፋንታ ርግብ እያልኩ አነብ ነበር። እመት ርግብ እንዲህ አለች፣ እመት ርግብ እንዲህ ብላ መከረች። ሁለት ሦስት ማታ እንዲህ አለፈ። እሙ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ከኋላዬ ቆማ በትከሻዬ ላይ ታያለች።

«እማዬ፣ እዚህ ላይ ጉጉት ነው የሚለው።»

«ርግብም ያው ወፍ ናት።»

«ርግብ እኮ ሞኝ ናት! ድመት ሲመጣ ቆማ ታያለች። እሷን ማን ምክር ይጠይቃል?»

የሃጂራ ትልቁ ልጅ ሣቀ። እኔ መጽሐፉን አጥፌ ዛሬ ዓይኔን አመመኝ አልኩ።

ጉጉቷ ግቢያችን የመጣችው በግንቦት ነው። ማታ ሊጨልም ሲል፣ ልብስ ከገመድ ላይ ሳወርድ፣ ከጥዱ ውስጥ ያ ድምፅ መጣ። የታጠበ አንሶላ እንዳቀፍኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ወለተጻድቅ ከቤታቸው ወጥተው፣ «በስመ አብ! በስመ አብ! ለራስሽ አድርጊው!» እያሉ ጨው ወደ ዛፉ በተኑ። ሃጂራ በሯ ላይ ቆማ፣ «እትዬ፣ ወፍ ምን ታውቃለች? አላህ ያዘዘው ነው የሚሆነው» አለች። እንዲህ ብላ ግን ልጆቿን ጎትታ አስገብታ በሩን ቀረቀረችው።

እሙ ብቻ እየዘለለች ወጣች። «እመት ጉጉት! እማዬ፣ እመት ጉጉት እኛ ጋ መጣች!»

«ዝም በይ!»

«ልጠይቃት?» አንገቷን ወደ ላይ ቀና አደረገች። «እመት ጉጉት! አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?»

አፏን በእጄ ይዤ አስገባኋት። ጉጉቷ መልስ አልሰጠችም። ዝም ማለቷ ከመጮኋ የባሰ አስፈራኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ማታና ጎህ ሲቀድ ትጮኻለች። ቀን ቀን ደግሞ የጥዱ ግንድ ላይ ካለው ቀዳዳ ራሷን አውጥታ፣ ዓይኗን ግማሽ ከድና ትቀመጣለች። የሰፈሩ ልጆች እሷን ለማየት አጥር ላይ ይሰለፋሉ። እሙም አስጎብኚ ሆነች። «አትጩኹ! እያሰበች ነው» ትላቸዋለች። እኔ እህል አልወርድ አለኝ። ቀበሌ ሱቅ ስኳር ልወስድ ስሰለፍ፣ ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ወሬ ያቋርጣሉ። በግቢዬ ጉጉት መኖሩን፣ ባሌ ደግሞ የት እንዳለ ያውቃሉ።

እኔ ሳላውቅ ጎረቤቶቼ መከሩ። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ሀብተሥላሴ ቤት ተሰብስበው፣ «ይቺ ልጅ በሐሳብ ልታልቅ ነው፤ ወፏ ከዚህ ትነሣ» ተባባሉ። ለእሷ አንነግራትም፤ ይበልጥ ትሸበራለች አሉ። ሕፃኗም ካየች ታለቅሳለች። ስለዚህ ጉጉቷ አድና ወደ ቀዳዳዋ በምትመለስበት ሰዓት፣ ልክ ጎህ ሲቀድ፣ እሙ ሳትነቃ፣ ቀስ ብለው በረጅም እንጨት ሊያባርሯት ተስማሙ። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

ያን ቀን ጠዋት የእግር ኮቴ ቀሰቀሰኝ። አንድ ሰው በሹክሹክታ፣ «ልጅቷ ተኝታለች?» አለ። በበሩ ስንጥቅ አየሁ።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቆመዋል። አጠገባቸው እትዬ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን አጥብቀው አሉ። ረሻድ እጁን አጣምሮ፣ ሃጂራ አፏን በሻሿ ሸፍና ቆመዋል። ማንም አይናገርም። ሁሉም ወደ እኛ ቤት ያያሉ።

በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የለም። ማታ አይነገርም፤ ሰው ሌሊቱን ብቻውን እንዳያለቅስ። ቀን አይነገርም፤ ሰው መንገድ ላይ እንዳይወድቅ። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌና ጎረቤት በዝምታ ተሰብስቦ ከበር ይቆማል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አቋቋም፣ ሌላ ጉዳይ የለም። በሩን በርግጄ ወጣሁ።

«በዛብህ! ወይኔ በዛብህ! ወይኔ ሹፌሩ!»

እነሱም ደነገጡ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሮጠው ያዙኝ። ራሴን እንዳልጥል ሃጂራ ወገቤን አቀፈችኝ፣ እትዬ ወለተጻድቅ እጄን ጨበጡ። እነሱ ደግሞ ያሰቡት ሌላ ነው። በሌሊት አንድ ሰው መጥቶ ነግሯታል፤ ወይም በሕልሟ ታይቷታል፤ የሰማችው ነገር አለ ብለው ነው። ጋሽ ሀብተሥላሴ ወደ ጥዱ ቀና ብለው፣ «አይ አንቺ ወፍ፣ ሳትዋሺ ቀረሽ» አሉና እንባቸውን ጠረጉ። እንጨቱን በጋቢያቸው ውስጥ እንደያዙ ነበር።

ማንም አልጠየቀኝም። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ማን ነገራችሁ? እንዴት ሰማችሁ?» የሚል ሰው በእኛ ሰፈር ነውረኛ ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል። ጥያቄ ከሰልስት በኋላ ነው። እኔም አልጠየቅኋቸውም። ምን እጠይቃለሁ? መጥተው ቆመዋላ።

ፀሐይ ሳትሞቅ የዕድሩ ጡሩንባ ነፊ ጥሩነህ ከቀራንዮ እስከ 18 ማዞሪያ ዞረ። «የበዛብህ ሹፌሩ ለቅሶ! በዛብህ በጦር ግንባር!» ድንኳን ተተከለ። ወንበር መጣ። ንፍሮ ተጣደ። ሃጂራ እሙን ከእንቅልፏ በቅጡ ሳትነቃ ተሸክማ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ከዓለም ባንክ ሰፈር በኩል የመጡ፣ በመልክ እንኳ የማላውቃቸው ሰዎች አለቀሱ። በዛብህ ለካ መንገድ ላይ ያገኘውን አሮጊት ሁሉ ጋቢና ውስጥ እያስቀመጠ ቤቱ ድረስ ሲያደርስ ኖሯል። አንዲቷ መጥታ፣ «እንጨት ተሸክሜ ስሄድ ከነሸክሜ የጫነኝ ልጅ» እያለች ደረቷን ደቃች። እትዬ ወለተጻድቅ በሙሾ የታወቁ ናቸው። ቆመው ሲያወርዱት ድንኳኑ ተንቀጠቀጠ።

አሮጊት ሸኝቶ፣ አድርሶ ከቤቷ፣
እሱን የሚያደርሰው፣ ታጣ ባገሪቷ።

በዚያ ጩኸት ውስጥ ሆኜ አንድ የሚያሳፍር ነገር ተሰማኝ። ዕረፍት። ከዚህ በኋላ የምጠብቀው ክፉ ነገር የለም፤ ሁሉም መጥቷል አልኩ በልቤ።

ምሳ ሰዓት ላይ እሙ ከሃጂራ ቤት አምልጣ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ፀጉሯ አልተበጠረም። ሰው ሁሉ ሲያያት ባሰበት። አንዱ ሊያቅፋት፣ አንዷ ልትስማት እጅ ዘረጉ። እሷ በመካከላቸው አልፋ፣ በር ላይ ጡሩንባውን ጉልበቱ ላይ ይዞ የተቀመጠው ጥሩነህ ፊት ቆመች።

«ጋሼ ጥሩነህ፣ አባዬ ሞተ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔማ ነፋሁ እንጂ… አይዞሽ የኔ ልጅ።»

«ከማን ሰሙ?»

ጥሩነህ ግራ ገብቶት ዞር ዞር አለ። «ከጋሽ ሀብተሥላሴ።»

ወደ ጋሽ ሀብተሥላሴ ሄደች። «አባባ፣ እርስዎስ ከማን ሰሙ?»

«ልጄ፣ ይህ የትልቅ ሰው ነገር ነው።»

«ከማን ሰሙ?»

«ከ… ከእናትሽ ነዋ! ስታለቅስ።»

«እማማ ወለተጻድቅስ?»

«እኔም ከእናትሽ ነው፣ ነፍሴ። እናትሽ ስትጮህ ነው ቅስሜ የተሰበረው።»

እሙ መጥታ ከፊቴ ቆመች። ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። አባቷ ሲያነብ እንደሚያደርገው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማዬ፣ አንቺስ ከማን ሰማሽ?»

«ከነሱ ነዋ» አልኳት። «ጎህ ሲቀድ መጡ።»

«ምን አሉሽ?»

አፌን ከፈትኩ። ምን አሉኝ? ምንም አላሉኝም።

ሁላችንም ወደ ጋሽ ሀብተሥላሴ ዞርን። እሳቸው አሳላቸው። «እኛማ የመጣነው… እንግዲህ… ለወፏ ነው» አሉ። ማስረጃ የተጠየቁ ይመስል ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ረጅሙን እንጨት አወጡት።

መጀመሪያ የሣቀችው ሃጂራ ናት። ልትይዘው ሞከረች፣ ሻሿን አፏ ውስጥ ከተተች፣ አልሆነም። ከዚያ ረሻድ ተከተለ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። ያቺ የእንጨት ተሸካሚዋ ሴት ብቻ ተቆጣች። «እኔ ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ደረቴን የደቃሁት ለማን ነው?» ጥሩነህም ተነሥቶ፣ «ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ እንግዲህ ጡሩንባውን ወደ ኋላ ልንፋው ወይስ ምን ይደረግ?» አለ። በዕድሩ ደንብ ሰው ሳይሞት የተተከለ ድንኳን እንዴት እንደሚነቀል የተጻፈ የለም። ጋሽ ሀብተሥላሴ ሲያስቡ ቆይተው፣ «ንፍሮው ይበላ፤ ድንኳኑ በዝምታ ይነሣ» ብለው ፈረዱ። እንጨቱን አጥር ላይ አስደገፉት። «ወፏ እንኳ አንድ ቃል አልተናገረችም። የጮህነው እኛው ነን» አሉ ለራሳቸው።

እኔ አልሣቅሁም። ሰው ሲሣቅ እያየሁ ያ የጠዋቱ ዕረፍት ከላዬ ተገፍፎ ሲሄድ፣ የድሮው ፍርሃት ደግሞ ወደ ቦታው ሲመለስ ተሰማኝ። «መሞቱን ያየ የለም» አልኩ። «አለመሞቱንስ ማን አየ?»

«አሁን ደግሞ በዚህ መጣች!» አሉ እትዬ ወለተጻድቅ።

ማታ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ እሙ አልጋ ላይ አጠገቤ ተኝታ፣ «እማዬ፣ አባዬ በሕይወት አለ?» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አለ እንጂ፣ ምን ሆነሻል» ብዬ ፊቴን አዞር ነበር። እሷም ፊቴን ስለምታውቅ አታምነኝም ነበር።

«አላውቅም እሙዬ» አልኳት። «አላየሁም።»

ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰች። እጄን ጉንጯ ሥር አድርጋ ወዲያው ተኛች። እንዲህ በቶሎ የተኛችው አባቷ ከሄደ ወዲህ የመጀመሪያዋ ቀን ናት።

ከዚያ በኋላ ጉጉትን ጉጉት ብዬ አነበብኩ። መጀመሪያ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በኋላ ለመደ። ልጆቹ ተመልሰው መጡ። እትዬ ወለተጻድቅም ጥጣቸውን ይዘው በር ላይ ይቀመጡ ጀመር። በጥዱ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ጫጩቶች መኖራቸውን እሙ አየች። ስትጮህ የከረመችው ለነሱ ምግብ ስታመላልስ ኖሯል። «አራስ ናት ለካ!» አለች ሃጂራ፣ ወንጀል የተገኘባት ያህል አፍራ። ከዚያ በኋላ ማንም ጨው አልበተነም። ዝናቡ ሲበረታ ጫጩቶቹ ክንፍ አውጥተው ሄዱ፤ እናታቸውም ተከተለቻቸው። ማንም ሳያያት ነው የሄደችው። እኔ አሁን ሳስበው፣ በዚያ ክረምት ማታ ማታ የነበረን ያ ንባብ፣ የፋኖሱ ጭስ፣ የልጆቹ እርጥብ ፀጉር ሽታ፣ ያን ያህል ፍርሃት ባይኖርበት ኖሮ በሕይወቴ ካየሁት ደስታ ሁሉ ይበልጥ ነበር እላለሁ። ምናልባትም ከነፍርሃቱ ይበልጣል።

በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥሩነህ ጭቃ እየረጨ በሩጫ ወደ ግቢያችን ገባ። ልብስ እያጠብኩ ነበር። ጡሩንባ ነፊ ሲሮጥ አይቼ ምን እንዳሰብኩ መናገር አያስፈልግም። የሳሙና አረፋ እስከ ክርኔ ይዞኝ ቆሜ ቀረሁ።

«መጣ!» አለ ጥሩነህ። ትንፋሽ አጥሮት ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ። «18 ማዞሪያ… ከወታደር መኪና ሲወርድ… ሰላም ሲለኝ አማተብኩ! ‹ምነው ጥሩነህ?› አለኝ። ‹እስኪ እጅህን ልንካው› አልኩት። ነካሁት። ሰው ነው!»

ከኋላው በዛብህ ገባ። ከስቷል። ጺሙ አድጓል። ጫማው የራሱ አይደለም። ከማዞሪያው ጀምሮ የተከተለው ሰው ሁሉ አብሮት ገባ። ያቺ እንጨት ተሸካሚ ሴትም አለች፤ «ቢሆንም እንባዬ በከንቱ አልፈሰሰም፤ ሞተ የተባለ ዕድሜው ይረዝማል» ትላለች። እሙ ከየት እንደመጣች አላየሁም፤ አንገቱ ላይ ነበረች። እኔ አልሮጥኩም። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁና ሄጄ ፊቱን ዳሰስኩት። «ለዳግማይ ትንሣኤ ነበር ያልከው» ብዬ ተቆጣሁት።

«ጽጌ፣ መንገዱ ተዘግቶ ነው» አለኝ።

ማታ ቤቱ በሰው ሞላ። ረሻድ ሲጋራና ለስላሳ ከሱቁ ይዞ መጣ። የለቅሶውን ታሪክ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነገሩት፤ አንዱ የሌላውን አፍ እየነጠቀ። በዛብህ ሣቀ፣ እንባው እስኪወርድ ሣቀ። ጋሽ ሀብተሥላሴ እንጨቱን ከጋቢያቸው ሲያወጡ እንዴት እንደነበር ሁለት ጊዜ አስደገማቸው።

«ምን ብላችሁ አለቀሳችሁልኝ ግን?» አለ። «እትዬ ወለተጻድቅ፣ እርስዎ አውርደዋል አሉ። እስኪ ልስማው።»

«ምን ልጅ ነው ይሄ! ቁጭ ብለህ እየሰማኸኝ? ሟርት ነው!»

«እትዬ፣ ሞቼ አልሰማው። አሁን ልስማው እንጂ።»

እሳቸው አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። እሙ ግን ተነሥታ በቤቱ መካከል ቆመች። የግቢው ልጆች በሙሉ ሙሾውን ሲጫወቱበት ነው የከረሙት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ልክ እንደ እትዬ ወለተጻድቅ እየተወዛወዘች፣ አሮጊት ሸኝቶ ያለውን እስከ መጨረሻው አወጣችው። ሰው ሁሉ በሣቅ ሞተ።

በዛብህም ሣቀ። «ድገሚው» አላት።

ደገመችው። «እሱን የሚያደርሰው፣ ታጣ ባገሪቷ» ስትል፣ አልሣቀም። የያዘውን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠ። ሣቁ ከሰው ሰው እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

«ፈጠነ የሚባል ሹፌር ነበር» አለ። «ከእኔ ፊት ነበር የሚነዳው። ኮንቮዩ ውስጥ ከፊቴ። ፈንጂ ላይ ወጣ።» ጺሙን ዳበሰ። «እኔ ፊት ብሆን እኔ ነበርኩ። ጠዋት ላይ ተራ ተቀያይረን ነበር፤ የኔ ሞተር አልነሣ ብሎ።»

እኔ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ።

«ቤተሰቦቹስ ሰሙ?» አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ።

«የሉትም። ያሳደገችው አክስቱ ሞታለች። ሚስትም አላገባም። መርዶውን የምነግረው ሰው አጥቼ፣ ይኸው በሆዴ ይዤው እዞራለሁ። ማንም አላለቀሰለትም።»

ሃጂራ ልጆቿን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ እትዬ ወለተጻድቅ ከበሩ አጠገብ ከነበሩበት ተነሥተው መጡ። በርጩማቸውን በዛብህ ፊት አድርገው ተቀመጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ።

«ቀይ ነበር ጠይም?» አሉት።

«ጠይም።»

«ምን ይወድ ነበር?»

«ማፏጨት። ዳገት ሲወጣ ያፏጫል። ከኋላ ሆኜ መስኮቴን ከፍቼ እሰማው ነበር።»

«ቁመቱስ፣ የኔ ልጅ? ቁመቱ እንዴት ነበር?»

በዛብህ ተነሣ። እጁን ከራሱ ላይ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ አሳያቸው። እጁን ሳያወርድ እንደቆመ፣ እትዬ ወለተጻድቅ ጀመሩ።